ሂጃብ ያደረጉትን ብቻ

ስልኩ ሲጮህ አንዲት አሮጊት በዊልቸር እየገፋሁ ነበር። ኤርፖርት ውስጥ ሥራዬ ይኸው ነው፤ መራመድ የከበዳቸውን መንገደኞች እስከ አውሮፕላኑ በር ማድረስ። በሥራ ሰዓት ስልክ አላነሳም፤ የልጄ ትምህርት ቤት ሲሆን ግን ማን ዝም ይላል? አሮጊቷን ይቅርታ ጠይቄ ጥግ ያዝኩ። ከላይ የበረራ ማስታወቂያው ይለፈልፋል፣ ከጎኔ ሻንጣ ይንኳኳል። የቢሮዋ ሴትዮ መርዶ እንደምታረዳ ሰው ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ልጅሽ ላይስ ስላለባት መጥተሽ ውሰጃት" አለችኝ። እኔ የሰማሁት "ራይስ" ብላ ነው። የምሳ ሩዟን ልብሷ ላይ የደፋች መሰለኝና፣ "ታዲያ ልብሷን ቀይሩላት፣ ቦርሳዋ ውስጥ ትርፍ አላት" አልኳት። ሴትዮዋ ቃሉን ፊደል በፊደል ነገረችኝ።

ቅማል።

ንዴቱ ገና አልመጣም ነበር። አሮጊቷን ለባልደረባዬ አስረክቤ፣ ኤርፖርቱ ካለበት ከፎርት ስኔሊንግ እስከ ሴንት ፖል ድራይቭ ሳደርግ መንገዱን ሙሉ የተሰማኝ ሀፍረት ነው። ፀጉሯን በየሳምንቱ አጥቤ፣ ቅባት ቀብቼ፣ ጎንጉኜ ነው የምልካት። ሂጃቧ በየቀኑ ይቀየራል። ምን አጎደልኩ እያልኩ ራሴን ስመረምር ከሀይዌዩ መውጫዬን ሁሉ አልፌ ነበር።

ትልቋ ልጄ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ሂጃብ ማድረግ የጀመረችው በዚያው ዓመት ነው። እኔ እንኳ "ገና ልጅ ነሽ፣ ምን አስቸኮለሽ?" ብያት ነበር፤ እሷ ግን የቁርአን ቤት ጓደኞቿን አይታ ራሷ ወሰነች። ቀለሙን ራሷ ትመርጣለች፣ ፒኑን ራሷ ትሰካለች። ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆማ ስታስተካክል ስኩል ባሱ ሊያመልጣት ይደርሳል።

ትምህርት ቤቱ ስደርስ ቢሮው በር ላይ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። የጃኬቷን ኮፍያ እስከ ቅንድቧ ስባዋለች። ጭኗ ላይ አፉ የተቋጠረ የላስቲክ ከረጢት አለ፤ ጠጋ ስል ውስጡ ያለው ሂጃቧ ነው። የሚያልፈው የቢሮ ሰው ሁሉ ፈገግ ይልላታል፣ ግን ከወንበሯ ራቅ ብሎ ነው የሚያልፈው።

"እናቴ፣ ምን ሆንሽ?" አልኳት።

"እንሂድ" አለችኝ በእንግሊዝኛ። ቀና ብላ አላየችኝም።

ልጆቼን በአማርኛ ሳናግራቸው የሚመልሱልኝ በእንግሊዝኛ ነው። ትልቋ ስትናደድ ደግሞ በጣም ስለምትፈጥን ግማሹ ያመልጠኛል። ያን ቀን ግን መኪናው ውስጥ ቀስ ብላ ነበር የነገረችኝ። የአስተማሪዋ ረዳት የሆነች ሴት ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ ራሱን ሲያክ አየች። ያከከው ልጄ አይደለችም፣ ሌላ ልጅ ነው። ሴትዮዋ ግን ሂጃብ ያደረጉትን ሦስቱን ልጆች ብቻ ጠርታ፣ ኮሪደሩ ላይ ውሃ መጠጫው አጠገብ አቁማ፣ አውልቁና ልያችሁ አለቻቸው። አንደኛዋ ማልቀስ ጀመረች። ልጄ "እናቴ ትጠራልኝ" ብትል፣ "ቶሎ እንጨርሳለን፣ ምንም አይደለም" ብላ ፒኑን በገዛ እጇ ነቀለችው። በዚያው ቅጽበት ከጂም የሚመለስ ክፍል በአጠገባቸው አለፈ፤ ወንዱም ሴቱም እያየ።

"ከእናንተ ሌላ ማንን አየች?" አልኳት።

"ጀስት አስ።" እኛን ብቻ።

"ራሱን ያከከውን ልጅስ?"

በመስታወቱ ሳያት ትከሻዋን ሰበቀች። "እሱ ሂጃብ የለውማ" አለች፣ ይህ እንዴት ይጠፋሻል በሚል ድምፅ።

ንዴቱ የመጣው ያኔ ነው። የሴትዮዋን ሥራ ከሰማሁበት ይልቅ ልጄ ነገሩን እንደ ደንብ አድርጋ መቀበሏ ውስጤን አነደደው። መኪናዬን ዳር አስያዝኩ። ልመለስና የዚያችን ሴትዮ ፊት ልየው ብዬ መሪውን ላዞር ስል ልጄ ከኋላ፣ "ማሚ፣ ፕሊዝ፣ ቤት" አለችኝ። ቤት ሄድን።

ባለቤቴ ሹፌር ነው፤ እኔ ሥራ ስገባ ትንሿን የአራት ዓመቷን ልጃችንን እሱ ይዞ ይውላል። የሆነውን በር ላይ እንደቆምኩ ነገርኩት። ፊቱ ጠቆረ። ልጄን ኩሽና መስኮቱ አጠገብ ብርሃን ላይ አስቀምጬ፣ ውሸት አድርገው ብዬ ዱዓ እያደረግሁ፣ ጉንጉኗን ፈታሁት።

ውሸት አልነበረም። ከጆሮዋ ጀርባና ማጅራቷ ላይ ቅጫሙ እንደ ስኳር ፍንጣሪ ፀጉሯ ላይ ተጣብቋል። ቅማሉም ብርሃኑን ሲያይ ወደ ውስጥ ሸሸ። ትንሿን ሳያት እሷም ጋ አለ። እሷ እንዲያውም የተሾመች ያህል ደስ ብሏት፣ "እኔም አለኝ! እኔም አለኝ!" እያለች ቤቱን ዞረች።

በቃ፣ ከዚህ በኋላ የምናደድበት መሬት ከእግሬ ሥር የተነሳ መሰለኝ። በልጄ ላይ ግፍ ሠርተዋል፤ ግን ደግሞ የፈለጉትን አግኝተዋል። ባይገኝባት ኖሮ ደረቴን ነፍቼ እሄድ ነበር። አሁን ምን ብዬ ልናገር?

ባለቤቴ፣ "ሁለቱንም እንላጫቸው" አለ።

"በዚህ ብርድ? የሴት ልጅ ፀጉር?"

"ፀጉር ነው፣ ይበቅላል። ነገሩ ባንዴ ያልቃል።"

"ጠዋት ሰው ፊት ገለጧት፣ ከሰዓት ደግሞ አባቷ ሊላጫት ነው?"

ይህን ስል ልጄን አየኋት፤ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭናለች። እሱም አያት። ቁልፉን አንስቶ ፋርማሲ ሄደ፤ መደርደሪያው ላይ ያለውን የቅማል ሻምፖ ዓይነት ሁሉ ገዝቶ ተመለሰ።

ካርቶኖቹ ላይ ያለችው ልጅ ፀጉሯ ቢጫና ቀጥ ያለ ነው። ውስጡ ያለው ሚዶም ለእሷ የተሠራ ነው። በልጆቼ ፀጉር ገና አንድ ጣት ያህል ሳይወርድ ጥርሱ ተጣመመ። ሁለተኛውን ሰበርኩት። በዚህ ከተማ ስንት ጥቅልል ፀጉር ያለው ልጅ ይኖራል፣ አንድ ሰው እንኳ ለእሱ አላሰበም እያልኩ ብቻዬን ስነጫነጭ ባለቤቴ ተመልሶ ሄዶ ጠንካራ የብረት ሚዶ ፈልጎ አመጣልኝ። ፀጉራቸውን በኮንዲሽነር ነክሬ፣ በትንሽ በትንሹ እየከፈልኩ፣ ከሥሩ እስከ ጫፉ እየሳብኩ በነጭ ወረቀት ጠረግሁ። አንሶላው፣ ትራሱ፣ ጃኬቱ፣ የአሻንጉሊቱ ዘር ሁሉ ታች ልብስ ማጠቢያው ጋ ወርዶ በሙቅ ውሃ ታጠበ። ይህን ሥራ የሠራ ያውቀዋል፤ ወገብ ይቆርጣል፣ ዓይን ያጠፋል፣ ነገ ደግሞ እንደገና ነው።

እየሳብኩላት ሳለ ልጄ፣ "ማሚ፣ እኔ ቆሻሻ ነኝ?" አለችኝ።

"ማን ነው እንዲህ ያለሽ?"

"ማንም።"

"ቅማል ንጹሕና ቆሻሻ አይመርጥም። ልጅነቴን ደሴ ሳለሁ ጎረቤቱ ሁሉ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ነበር ልጁን የሚያየው። ማንም አያፍርም፣ ማንም ማንንም አያስለቅስም።"

"እዚያም ኮሪደር ላይ ነበር የሚታዩት?" አለችኝ። ሚዶውን በነጩ ወረቀት ጠረግሁት።

በማግስቱ ሮቢንስዴል ለምትኖረው ታላቅ እህቴ ደወልኩላት። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቻችን አብረው ነው የሚውሉት፤ ስለዚህ ልነግራት ግዴታዬ ነበር። ታሪኩን ከመጀመሪያ ጀምሬ ነገርኳት። እሷ የሰማችው ግን አንዱን ቃል ብቻ ነው።

"ሱብሃነላህ! ቅማል? ለማንም እንዳትናገሪ።"

"ሂጃቧን ሰው ፊት አስወለቋት ነው እኮ የምልሽ!"

"እሱ ልክ አይደለም። ግን ተገኘባት አይደል? ትምህርት ቤት ሄደሽ ስትጨቃጨቂ ያበሻው ሁሉ ይሰማል። የእነ እገሌ ልጅ ቅማል በላት ሊባል ነው። ዝም ብለሽ አክሚያት።" ትንሽ ቆየችና፣ "ቅዳሜ ደግሞ ይቅርባችሁ፣ የኔዎቹን እንዳታስይዙብኝ" አለች።

እህቴን እወዳታለሁ፤ እዚህ አገር ስመጣ የተቀበለችኝ እሷ ናት። ያን ቀን ግን ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት። ባለቤቴ "ማን ነው?" ሲለኝ "ማንም" አልኩት። የሚገርመው ነገር፣ ልጄን የገለጠቻት ሴትዮና እህቴ አንድ ነገር ላይ ይስማማሉ፤ ጥፋተኛዋ ቅማሉ ያለባት ልጅ ናት። አንዷ ገልጣ ታያታለች፣ ሌላዋ ሸፍኚያት ትላለች።

ዝም አላልኩም። ርዕሰ መምህሯ ዘንድ ቀጠሮ ያዝኩ፤ ባለቤቴም ሥራውን ትቶ አብሮኝ ሄደ። ገና ከመቀመጣችን ጠረጴዛው ላይ ስልክ አስቀምጣ፣ "የሶማልኛ አስተርጓሚ መስመር ላይ አለች" አለችን። እኛ የወሎ ሰዎች ነን። ልጃችን ከአጸደ ሕፃናት ጀምሮ እዚያው ናት። በስልክ ከሷ ቢሮ ጋር ያወራሁት በእንግሊዝኛ ነው። ባለቤቴ ለአስተርጓሚዋ በትሕትና "ይቅርታ እህቴ፣ አልፈለግንሽም" ብሎ ስልኩን በጣቱ ወደ ርዕሰ መምህሯ ገፋ አደረገው። ሴትዮዋ ቀላች።

የሆነውን ነገርኳት። ረዳቷ አስተማሪ ለልጆቹ ሁሉ ደኅንነት አስባ እንደሆነ ነገረችኝ።

"ለሁሉም አስባ ከሆነ ለምን ሁሉንም አላየችም?"

"ምናልባት የተሸፈነ ፀጉር ስለሚሞቅ፣ ለቅማል ይመቻል ብላ ሊሆን ይችላል።"

ከባለቤቴ ጋር ተያየን። በመስኮቱ ግቢው ይታያል፤ በረዶው ላይ የሚሯሯጡ ልጆች፣ ሁሉም እስከ ቅንድባቸው የሱፍ ኮፍያ ያጠለቁ። ቢሮው ከመግባታችን በፊት ደግሞ ኮሪደሩ ላይ የጠፉ ኮፍያዎች የሚጣሉበት ትልቅ ቅርጫት አልፈን ነው የመጣነው፤ አንዱ ልጅ ከውስጡ ያገኘውን አንስቶ ሲያጠልቅ በዓይኔ አይቻለሁ።

"ይቅርታ አድርጊልኝና" አልኳት፣ "በሚኔሶታ ዊንተር ፀጉሩ ያልተሸፈነ ልጅ አሳዪኝ።"

ወደ መስኮቱ ዞር አለች። ከዚያ ወረቀቷን አስተካከለች። "ስሜትሽ ይገባኛል" አለችኝ። ይህን አባባል በዚህ አገር ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! ስሜቴን እንድትረዳው አይደለም የመጣሁት። ልጄን ይቅርታ እንድትጠይቅ፣ ልጆቹ ሁሉ አንድ በአንድ በር ተዘግቶ በነርስ እንዲታዩ፣ ለክፍሉ ወላጆች ሁሉ እንዲነገር ነው የመጣሁት። ለወላጆች መንገሩን ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች። ወላጅ ይደነግጣል፣ የልጅሽም ምስጢር መጠበቅ አለበት አለችኝ።

"የልጄ ምስጢር?" አለ ባለቤቴ። በሙሉ ስብሰባው ከአስተርጓሚዋ በኋላ የተናገረው ይህንን ብቻ ነው። "በላስቲክ አስራችሁ ጭኗ ላይ ያስቀመጣችሁት እሱን ነው?"

እናጣራለን ተብለን ወጣን።

እሑድ ቁርአን ቤት ልጆች እስኪወጡ እናቶች ታች ባለው አዳራሽ እንጠብቃለን። ከሦስቱ ልጆች የሌሎቹ የሁለቱ እናቶች እዚያ እንዳሉ አውቃለሁ፤ አንዷ በነርሲንግ ሆም የምትሠራ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፣ ሌላዋ ትንሽ ሱቅ ያላት ኦሮሞ። እስከዚያ ቀን ከሰላምታ አልፈን አናውቅም። የልጆቼ ፀጉር ገና እየተለቀመ ስለሆነ ቤት ከአባታቸው ጋር ትቻቸው ብቻዬን ሄድኩ። የእህቴ ነገር ጆሮዬ ላይ አለ። አንድ ነገር ግን ገብቶኛል፤ ስለ ሂጃቡ ልጮህ ከፈለግሁ ስለ ቅማሉም መናገር አለብኝ። አንዱን ደብቆ ሌላውን መናገር አይቻልም።

ተነሳሁና ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ "እህቶቼ፣ ልጆቼ ቅማል ይዟቸዋል። ዛሬ ያላመጣኋቸው ለዚህ ነው። ቤት ስትገቡ የየራሳችሁን እዩ" አልኩ።

ከፊት የተቀመጡ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴትዮ "አኡዙ ቢላህ" አሉና ቀሚሳቸውን ሰበሰቡ። አንዷ ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበች። ፊቴ በእሳት የተያዘ መሰለኝ፤ ግን ከጀመርኩ አይቀር ኮሪደሩን፣ ፒኑን፣ ከጂም የተመለሱትን ልጆች፣ ከረጢቱን ሁሉ ተናገርኩ። ሳልጨርስ የአዲስ አበባዋ ሴት ከመቀመጫዋ ተነሳች።

"የኔ ልጅ አልነገረችኝም" አለች። "ትምህርት ቤት አልሄድም እያለች ስታስቸግረኝ ነው የሰነበተችው። ሆዷን አሟት መስሎኝ ዶክተር ጋ ወስጃታለሁ።" ከዚያ ቁጭ አለችና በሻርፗ ጫፍ አፏን ሸፈነች።

ሱቅ ያላት ሴት አላለቀሰችም። "መቼ ነው የምንሄደው?" ነው ያለችው።

ስንወጣ መኪና ማቆሚያው ላይ እኚያ ቀሚሳቸውን የሰበሰቡት ሴትዮ ተከተሉኝ። ግራ ቀኝ አይተው፣ "ልጄ፣ ያ የብረት ሚዶ የት ነው የሚገኘው?" አሉኝ። ለካ የልጅ ልጆቻቸው ላይ ቅማሉ ከገባ ቆይቷል። መሳቅም መናደድም አማረኝ። ቦታውን ነገርኳቸው።

ሦስት እናቶች አንድ ላይ ስንገባ ርዕሰ መምህሯ አስተርጓሚ አላመጣችም፣ ስሜታችሁ ይገባኛልም አላለችም። ሱቅ ያላት ሴት መልስ ሳናገኝ እንደማንነሳ ነገረቻት፤ አነጋገሯ ረጋ ያለ ስለሆነ ነው መሰል የበለጠ የሚያስፈራው። በዚያው ሳምንት የክፍሉ ልጆች ሁሉ በነርሷ ክፍል፣ በር ተዘግቶ፣ አንድ በአንድ ታዩ። መልእክትም ለወላጅ ሁሉ ተላከ። ቅማሉ የተገኘው የሱፍ ኮፍያ የሚያደርጉት ዘንድም ነው፤ ምንም የማያደርጉት ዘንድም ነው። ከሦስቱ ልጆች መካከል ደግሞ ያቺ ያለቀሰችው የአዲስ አበባዋ እናት ልጅ ጭራሽ አልነበረባትም። በከንቱ ነው የተገለጠችው። እናቷ ይህን ስትሰማ ደስ ይላት ይሆን ብዬ ነበር፤ እሷ ግን፣ "ቢኖርባትስ ኖሮ?" አለችኝ። እውነቷን ነው።

የቀረው ይቅርታው ነበር። ረዳት አስተማሪዋ ገባች፤ ወጣት ናት፣ ክፉ ፊት የላትም። ሦስቱ ልጆች ከፊቷ ተቀምጠዋል። "ልጎዳችሁ ብዬ አልነበረም" ብላ ጀመረችና ወዲያው ማልቀስ ጀመረች። ከዚያ ቢሮው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ርዕሰ መምህሯ ትከሻዋን አሸች፤ የቢሮዋ ሴትዮ ሶፍት ይዛ ሮጠች፤ አንዱ ውሃ አመጣ። ልጆቹ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ያያሉ። ልጄ፣ ያቺ ፒኗን የተነቀለችው ልጄ፣ ተነስታ፣ "ኢትስ ኦኬ፣ ኢትስ ኦኬ" እያለች እጇን ዳበሰቻት።

ደሜ ፈላ። ያ ሶፍት ኮሪደሩ ላይ የት ነበር? ያ ውሃ ልጄ እዚያ ወንበር ላይ ከረጢት ታቅፋ ስትቀመጥ የት ነበር?

"ኦኬ አይደለም" አልኩ፣ ከሁሉም በላይ ለልጄ። "ይቅር ማለት ትችያለሽ፣ የአንቺ ፈንታ ነው። ኦኬ ግን አይደለም።" ሴትዮዋ እንባዋን ጠርጋ ቀና አለች። "ትክክል ናት" አለች በደካማ ድምፅ፤ "ኦኬ አልነበረም። ይቅርታ አድርጉልኝ።" ይህንን ሁለተኛውን ይቅርታ ተቀብያለሁ። የመጀመሪያውን አይደለም።

ልጄ ብዙ ሳምንት ሂጃብ ሳታደርግ በጃኬቷ ኮፍያ ሄደች። እኔም አባቷም አልጠየቅናት። አንድ ጠዋት አረንጓዴውን አድርጋ ወጣች፤ በማግስቱ ተወችው፤ ከዚያ ደግሞ አደረገችው። አሁንም እንደዚያው ናት፣ እኔም ጣልቃ አልገባም። እህቴ ዘንድ ለዒድ ሄድን፤ ልጆቿን በሩ ላይ አሰልፌ ፀጉራቸውን ልይ ብል አኮረፈችኝ፣ ከምሳ በኋላ ታረቅን።

ባለቤቴ ግን አልበረደለትም ነበር። አንድ ቀን ራት ላይ ትምህርት ቤት እንቀይርላት አለኝ፤ ቦታም አጣርቷል። እኔም አልተቃወምኩም፤ ያንን ኮሪደር ማየት አስጠልቶኛል። ልጄ ሩዟን በማንኪያ ስትጎረጉር ቆይታ ማንኪያውን አስቀመጠች። ከዚያ በአማርኛ፣ እያደናቀፋት፣ ቃሉን እየፈለገች፣

"ለምን እኔ እሄዳለሁ?" አለች። "እኔ ምን አጠፋሁ?"

አባቷ ወደ እኔ አየ። ትንሿ ጭማቂ ጠየቀች። እኔም ተነስቼ ቀዳሁላት። ትምህርት ቤቱ አልተቀየረም።